አስቸኳይ፦ ቪትዜ ሞቀብኝ፤ ኩላንቱ ወዴት ነው የሚሄደው?

የዓባይ ማዶ ልጅ፦ እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ከወረታ ስመለስ ሐሙሲት ሳልደርስ የሙቀት መለኪያው ቀዩን ነካ። ዳር ይዤ ቆሜአለሁ፤ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይወጣል። ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣውን ፈሳሽ) በየጊዜው እሞላለሁ፤ ከመኪናው ሥር ግን ጠብታ አይታይም። የባሕር ዳር ሙቀት እያተነነው ይሆን? በእጄ ያለው አንድ ሃይላንድ ውሃ ብቻ ነው። ልጨምረው?

ባለ ሚኒባስ፦ የራዲያተሩን ክዳን እንዳትነካው! ሞተሩን አጥፋና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ። የላይኛው ቱቦ ሲነካ የማያቃጥል፣ ሲጨመቅ የሚለሰልስ ሲሆን ወፍራም ጨርቅ ደርበህ ክዳኑን ትንሽ ብቻ አዙረው፤ ተንፍሶ እስኪያበቃ አትክፈተው።

እንቦጭ ነቃዩ፦ ጣናን የሚያህል ሐይቅ አጠገብህ ተኝቶ በሃይላንድ ትጨነቃለህ?

ጡረተኛው መካኒክ፦ ቀልዱ ይቆየን። የሐይቅ ውሃ ደለሉ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል። የሚጠጣው ውሃ ለዛሬ ይበቃሃል፤ ሞተሩ ሳይበርድ ግን አትጨምረው፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ተራ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተር በደኅና ቀንም 90 አካባቢ ይሠራል። እንዳይፈላ የሚያደርገው ኩላንቱ ብቻ ሳይሆን ክዳኑ አምቆ የሚይዘው ግፊት ነው።

የጢስ ዓባይ መንገደኛ፦ «ሙቀት አተነነው» የሚለውን አልቀበልም። እንደዚያ ቢሆን መተማ ውስጥ የሚንቀሳቀስ መኪና ባልኖረ ነበር። የተዘጋ ነገር ከቀነሰ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ። ከጋቢናው ተሳፋሪ እግር ሥር ያለውን ምንጣፍ ዳስሰው፤ ከረጠበ የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ያፈስሳል። የዘይቱን ክዳን ስትከፍት ወተት የበዛበት ቡና የመሰለ ነገር ካየህ ግን ሞተሩን አታስነሳ፤ አስጎትተህ ግባ።

ሰባታሚት፦ ክዳኑን በትኩሱ አትክፈት።

እንቦጭ ነቃዩ፦ ይህ ቀደም ብሎ ተነግሮታል፤ ለማንኛውም ተመዝግቧል።

የዓባይ ማዶ ልጅ፦ ምንጣፉ ደረቅ ነው፣ ዘይቱም ንጹሕ ነው። ክዳኑን በቅርቡ አንድ ጋራዥ ቀይሮልኛል፤ ላስቲኩ ከድሮው ይሳሳል።

ጡረተኛው መካኒክ፦ ይህን አስቀድመህ ብትናገር ምን ነበረበት! ክዳኑ ላይ የሚይዘውን ግፊት የሚናገር 0.9 ወይም 1.1 የመሰለ ቁጥር አለ፤ ከመኪናው መመሪያ ጋር አመሳክረው። ላስቲኩ አፉን በደንብ ካልያዘ ኩላንቱ በእንፋሎት ያመልጥና ትኩሱ ብረት ላይ ይደርቃል፤ መሬት ላይ የማታየው ለዚህ ነው። አፉ ዙሪያ የደረቀ ቅርፊት ካለ ሌላ አትፈልግ። ስትነሳ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈተው፤ ሙቀቱን ከሞተሩ ይስብልሃል። ላብህን ቻለው።

ሰባታሚት፦ ጋሼ፣ እግረ መንገዴን ልጠይቅዎት፤ አረንጓዴውን ከቀዩ ጋር ብቀላቅልስ?

ጡረተኛው መካኒክ፦ ቀለሙን ተወውና ጀሪካኑ ላይ የተጻፈውን ዓይነት አንብብ። የማይስማሙ ከሆኑ ዝቃጭ ሊሠሩ ይችላሉ። ዓይነቱ ከጠፋህ የተጣራ ውሃ ጨምርና ቆይተህ ሙሉውን አስቀይረው። የሚሞላውም ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ በኩላንት ማጠራቀሚያው ላይ ባሉት ሁለት ምልክቶች መካከል ነው፤ እስከ አፉ አይደለም።