እርዱኝ፣ የድሮ የመስታወት ነጋቲቮች ውሃ ገባባቸው!

የማርጌት እህት፦ ወገኖቼ፣ ስለ ድሮ ፎቶ የሚያውቅ ካለ ቶሎ ይድረስልኝ። እዚህ እንግሊዝ የምንከባከባቸው የ90 ዓመት እናት ምድር ቤት ቧንቧ ፈንድቶ ሳጥኑ ውሃ ውስጥ ተነከረ። አያታቸው በ1860 አካባቢ (በፈረንጆቹ) በበጋ ዕረፍት ባሕር ዳር ያነሷቸው የመስታወት ነጋቲቮች ናቸው፤ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ የሚታይባቸው የፎቶ መስታወቶች። ሌላ ቅጂ የለም። በፀጉር ማድረቂያ ላድርቃቸው ወይስ በጨርቅ ልጥረጋቸው?

ቀዩ መብራት፦ ማድረቂያውን አስቀምጪው። ጨርቅም አይንካቸው። ምስሉን የያዘው ጄላቲን (ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ሙጫ መሰል ነገር) ከሆነ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሙቀት ካገኘ ይቀልጣል፤ ከተጠረገ ይላጣል። የተጣበቁ አሉ?

የሸገር ልጅ፦ ሩዝ ውስጥ ክተቻቸው! ስልኬ የተረፈው በሩዝ ነው።

ቀዩ መብራት፦ ሩዝ አይሆንም። ዱቄቱ እርጥቡ ምስል ላይ ይለጠፋል።

ታሪክ ወዳድ፦ በዚህ አጋጣሚ ልዑል አለማየሁን እናስታውስ። በ1868 በእንግሊዟ ዋይት ደሴት ላይ፣ ባሕር ዳር ባለችው ፍሬሽዋተር መንደር፣ ታዋቂዋ ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶ አንስታዋለች። ካሜሮን ካሜራ የያዘችው በ48 ዓመቷ፣ ልጇ በስጦታ ሰጥታት ነው። ያን ጊዜ መስታወቱን ኮሎዲየን በሚባል ፈሳሽ ቀብቶ፣ ሳይደርቅ አንስቶ፣ እዚያው ማጠብ ግድ ነበር። ሰው ደግሞ ሳይንቀሳቀስ ለደቂቃዎች ይቀመጥላት ነበር። አባቱን መቅደላ ላይ ያጣ የሰባት ዓመት ልጅ እንደዚያ ተቀምጦ! የፊቱን ሐዘን ያየ ሰው አይረሳውም።

የማርጌት እህት፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ውሃው እየተንጠባጠበ ነው! አዎ፣ ሁለት ሦስቱ ተጣብቀዋል። ወደ መብራት ሳደርገው ባለ ጎማ ትንንሽ ቤቶች ባሕሩ ውስጥ ቆመው ይታያሉ። አንዱ ላይ ልጆች ውሃ ይራጫሉ፣ ጠብታው ሳይቀር ይታያል።

ሒሳብ አዋቂ፦ 1860 የሚለው አያስኬድም። የ90 ዓመት ሰው አያት በ1860 ካሜራ ይዞ ሊዞር? ደግሞ ጠብታው ከታየ በጣም ፈጣን ፎቶ ነው። እኔ 1890ዎቹን እላለሁ። ባለ ጎማዎቹ ቤቶች ሴቶች ልብስ የሚቀይሩባቸው ናቸው። በፈረስ ተጎትተው ውሃው ድረስ ይገቡ ነበር።

የማርጌት እህት፦ ቤተሰቡ ነው 1860 ያለኝ። ዓመቱ አሁን ምን ይጠቅመኛል?

ቀዩ መብራት፦ በጣም ይጠቅማል፣ አያያዙ ይለያያል። ጠርዙን እዪው። በእጅ የፈሰሰ የሚመስል ያልተስተካከለ ሽፋን ካለው፣ ጥግ ላይም የአውራ ጣት ምልክት ካለ ኮሎዲየን ነው። እሱን ውሃ ውስጥ አትመልሺው፣ ባለሙያ ጥሪ። ሽፋኑ እኩል ከሆነና ጥቁሩ ጥርት ካለ ጄላቲን ነው። ጄላቲን የተቀባውን መስታወት እንግሊዛዊው ሐኪም ማዶክስ በ1871 ቢያስተዋውቀውም በየሱቁ የተሸጠው ከ1870ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። ተራው ሰው ጨለማ ድንኳን ሳይሸከም ባሕር ዳር ወርዶ ማንሳት የቻለው ከዚያ በኋላ ነው።

ጄላቲን ከሆነ የተጣበቁት እንደተጣበቁ እንዳይደርቁ። ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሰፊ ትሪ ውስጥ አስተኚያቸው፤ ራሳቸው ሲላቀቁ ጠርዛቸውን ብቻ ይዘሽ አውጪ። ቢላ አታስገቢ። እምቢ ካሉሽ በፕላስቲክ ጠቅልለሽ እርጥብ እንደሆኑ ፍሪጅ ውስጥ አኑሪና (ፍሪዘር አላልኩም) ነገውኑ ባለሙያ ፈልጊ። እንግሊዝ ውስጥ አይኮን የሚባለው የቅርስ ጠጋኞች ማኅበር የባለሙያ ዝርዝር አለው።

የሸገር ልጅ፦ ፀሐይ ላይ ቢሰጡስ?

ቀዩ መብራት፦ በፍጹም! ጥላ ውስጥ፣ ሳህን የሚደርቅበት መደርደሪያ ላይ ይቁሙ፤ አንዱ ከሌላው ሳይነካካ። ደብዛዛው ገጽ ምስሉ ያለበት ነው፣ እሱን ምንም አይንካው።

ታሪክ ወዳድ፦ ፖል ማርቲን የሚባል፣ ለኅትመት ሥዕል እንጨት ላይ የሚቀርጽ አማተር ፎቶ አንሺ ነበር። በ1892 ግሬት ያርማውዝ ባሕር ዳር ካሜራውን እንደ ጥቅል ዕቃ ብብቱ ሥር ይዞ፣ አሸዋው ላይ የተኙትን ሳያውቁ ያነሳቸው ነበር። የእህታችንም ሳጥን የዚያ ዘመን ሳይሆን አይቀርም።

ሒሳብ አዋቂ፦ እኔስ ምን አልኩ?

የሎሚ ሜዳ፦ ፀጉር ማድረቂያውን ቀዝቃዛ ላይ አድርጊው፣ ለእኛ ሠርቷል።

ቀዩ መብራት፦ ቀዝቃዛውም ነፋስ አቧራ ይነፋበታል፣ ይቅርብሽ። ሲደርቁ ስካነር አትጠብቂ። ታብሌት ላይ ነጭ ገጽ ክፈቺ፣ መስታወቱን ከላዩ ትንሽ ከፍ አድርገሽ በስልክ አንሺው፤ ከዚያ ስልኩ ላይ ቀለሙን ገልብጪው። የተሰበረ ካለ ሙጫ እንዳትቀቢ፣ ስብርባሪውን ለየብቻ በወረቀት አስቀምጪ። የማርጌት እህት፣ ጠርዙን አየሽው?