ከባሕር ዳር ጎርጎራ በሦስት ጀልባ፦ ምን እንዘጋጅ?

ሦስት ቤተሰብ ነን፤ ሕፃናትም አሉ። በሞተር ጀልባ ጣናን ልናቋርጥ ነው። መቼ እንነሣ? ነዳጅስ?

መልስ 1፦ ንጋት 12 ሰዓት። ጣና ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፣ ውኃ ወደ ጀልባ የሚያስገባውም እሱ ነው። ነፋሱ ከቀደማችሁ ደቅ ደሴት ተጠጉና እደሩ።

መልስ 2፦ ቤንዚኑ ሲሶው ለመሄጃ፣ ሲሶው ለመመለሻ፣ ሲሶው መጠባበቂያ። ስትቀዱ አጥልሉት፤ ውኃ ከገባበት ሞተሩ መሀል ሐይቅ ላይ ይጠፋል። ዘገምተኛው ጀልባ ይምራ፣ ጉልበተኛው 20 ሜትር መጎተቻ ገመድ ይዞ ከኋላ ይከተል። ወደፊት የሄደ ጀልባ የኋላውን ችግር አያይም!

መልስ 3፦ ሰሜኑ ዳርቻ ላይ ከእምቦጭ አረም ተጠንቀቁ። የሞተሩ ማራገቢያ (ውኃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባውን የሚገፋው) ላይ ከተጠመጠመ ነዳጅ አትስጡ፤ የማቀዝቀዣውን ውኃ መሳቢያ ስለሚደፍን ሞተሩ ይግላል። አጥፉ፣ ሞተሩን አንሡ፣ በቢላ ቁረጡ። የልጆች ላይፍ ጃኬት በክብደታቸው ልክ፣ በጭን መሀል የሚታሰር ማሰሪያ ያለው ይሁን፤ አለዚያ ውኃ ውስጥ በራሳቸው በኩል ይወልቃል።