ጋቢና ስቀመጥ የስልኬ ንዝረት ለምን ይጠፋብኛል?

ጠያቂ፦ የሜክሲኮ ተሳፋሪ
ጠዋት ጠዋት ከሜክሲኮ ወደ ፒያሳ በሚኒባስ ስሄድ ብዙ ጊዜ የሚደርሰኝ ቦታ ጋቢና ነው፤ ስልኬን ደግሞ ቫይብሬት ላይ አድርጌ በሱሪ ኪሴ እይዘዋለሁ። ታክሲው ሞተሩን ሳያጠፋ ሰው እስኪሞላ ሲጠብቅ ስልክ ቢደወልልኝ ወዲያው ይታወቀኛል። የቸርችልን ዳገት መውጣት ከጀመርን በኋላ ግን ሦስት ጊዜ ቢደወልልኝም ጭኔ ላይ ምንም አይሰማኝም። ይበልጥ የሚያንገጫግጨው ቆሞ ሲጠብቅ ሆኖ ሳለ፣ ይህ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ የሞተር ባለሙያ
ቁም ነገሩ ያለው በንዝረቱ ብርታት ላይ ብቻ ሳይሆን በፍጥነቱም ላይ ነው። በብዙዎቹ ሚኒባሶች ሞተሩ የሚገኘው ከጋቢናው ሥር ነው። ባለአራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 750 ጊዜ ሲዞር፣ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ሲሊንደሮች ስለሚተኩሱ፣ በሴኮንድ 25 ግፊት ይሰጣል፤ ዳገት ላይ ዙሩ 3,000 ሲደርስ ግፊቱ 100 ይሆናል። የስልክ ንዝረት ከዚህም ይፈጥናል። ዝግተኛውን ንዝረት በመዳፍ ላይ “ማይስነር” የሚባሉ የነርቭ ጫፎች፣ በጭን ላይ ደግሞ የፀጉር ሥር ነርቮች ሲቀበሉት፣ ፈጣኑን የሚቀበለው ከቆዳ በታች ጠለቅ ብሎ የሚገኘው፣ “የፓቺኒ አካል” የሚባለው የነርቭ ጫፍ ነው። ስለዚህ ቆማችሁ ስትጠብቁ ሞተሩና ስልኩ በየራሳቸው በር ይገባሉ፤ ዳገቱ ላይ ግን አንድ በር ላይ ይጋፋሉ።

መልስ፦ የፊዚዮሎጂ መምህር
የፓቺኒ አካል 1 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ እንደ ሽንኩርት በንብርብር የተሸፈነ የነርቭ ጫፍ ነው። ጫናው ሳይለወጥ ከቆየ ንብርብሮቹ ስለሚያለዝቡት ነርቩ ዝም ይላል፤ ጫናው ሲመጣና ሲነሳ ብቻ ምልክት ይሰጣል። ሎወንስታይንና ሜንዴልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ሥራ ንብርብሮቹን ገፈው ሲጫኑት ምላሹ ቶሎ መጥፋቱን ትቶ ረዘም ላለ ጊዜ ቆየ። ንዝረት ማለት ደግሞ ጫናው በተከታታይ መምጣቱና መነሳቱ ስለሆነ፣ ነርቩ ከእያንዳንዱ ዙር ጋር እየተመሳሰለ መተኮስ ይችላል፤ አንጎልም ፍጥነቱን የሚረዳው በከፊል ከዚህ የጊዜ ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ ፈጣን ንዝረት ለደቂቃዎች ሲቀጥል ያ መስመር ራሱ ይደነዝዛል፤ ለመሰማትም ከቀድሞው የበረታ ንዝረት ይፈልጋል። ከታክሲው ወርደው ጥቂት እስኪቆዩ ድረስ ስልክዎ ደከም ብሎ ቢሰማዎት አይገረሙ።

መልስ፦ ነርስ
የስኳር ሕሙማንን እግር ስንመረምር በሴኮንድ 128 ጊዜ የሚነዝር ባለሁለት ጣት ብረት መትተን የአውራ ጣት አጥንት ላይ እናሳርፋለን፤ ንዝረቱ መቼ እንደጠፋባቸውም እንጠይቃለን፤ ቶሎ ከጠፋባቸው ነርቩ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ንዝረቱ የሚጠፋብዎት ጋቢና ውስጥ ብቻ ከሆነ ነገሩ የሞተሩ ነው፤ ቤትዎ ተቀምጠውም እግርዎ ላይ ከደነዘዘብዎት ግን ይታዩ።

ጠያቂ፦ የሜክሲኮ ተሳፋሪ
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ስልኬን ወደ ሸሚዝ ኪሴ አዛውሬ፣ ጀርባዬን ከወንበሩ አላቅቄ ተጓዝኩ። ፖስታ ቤት ጋ ስንደርስ ተደወለልኝ፤ ደረቴ ላይ በደንብ ተሰማኝ።