ለግሩፕ ፕሬዘንቴሽን አሳማኝ ክርክር እንዴት ነው የሚዋቀረው?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ሆነን የ15 ደቂቃ ፕሬዘንቴሽን አለብን። አቋማችን «ክፍል ውስጥ ሞባይል ይከልከል» ነው። ርዕሱን ቆራርጠን ተከፋፈልን፤ አንዱ ትኩረትን፣ አንዷ ኩረጃን፣ እኔ ሶሻል ሚዲያን፣ አራተኛው መግቢያና መደምደሚያን ይዟል። ስንለማመደው ግን አራት የተለያየ ፕሬዘንቴሽን ነው የሚመስለው። ምን ይሻላል?

መልስ 1
ችግሩ አከፋፈላችሁ ላይ ነው። መጀመሪያ አንድ ላይ ቁጭ በሉና አቋማችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። «ይከልከል» ብቻ አይበቃም፤ ማን ምን ያድርግ? ለምሳሌ «ትምህርት ቤቱ ስልኮችን በክፍል ሰዓት ሰብስቦ ያስቀምጥ»። ከዚያ አለን ሞንሮ የተባለ አሜሪካዊ የንግግር መምህር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያወጣውን ቅደም ተከተል ተጠቀሙ። ቀልብ ትስባላችሁ፣ ችግሩን ታሳያላችሁ፣ መፍትሔውን ታቀርባላችሁ፣ ቢተገበር ምን እንደሚመስል ታስቃኛላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ከአድማጩ የምትፈልጉትን በግልጽ ትጠይቃላችሁ። ኩረጃውም ሶሻል ሚዲያውም «ችግሩ» ውስጥ ይገባሉ፣ ግን ሁሉንም አትጎትቱ፤ ሁለት ጠንካራ ማስረጃ ከስድስት ልፍስፍስ ይሻላል።

መልስ 2
ከላይ ባለው እስማማለሁ፣ ግን ብዙ ግሩፕ የሚወድቀው ማስረጃውን ከአቋሙ ጋር የሚያያይዘው ነገር ስለሚጎድለው ነው። ፈላስፋው ስቲቨን ቱልሚን አጥብቆ ያነሳው ይህንኑ ነው። «ስልክ ሲጮህ ክፍሉ ሁሉ ይዞራል» አላችሁ እንበል። እሺ፣ እና? ሳይለንት ማድረግ ለምን አይበቃም? ስክሪኑ ብልጭ ሲል ዓይን እንደሚሄድ ካላስረዳችሁ ማስረጃችሁ የሚደግፈው ሳይለንትን እንጂ ክልከላን አይደለም። ደግሞ ተቃውሞውን ራሳችሁ አንሱት። «ከቤት በአስቸኳይ ቢፈልጉኝስ?» የሚል ሰው መኖሩ አይቀርም፣ እሱ ሳይጠይቅ ቢሮ ስልክ እንዳለ ንገሩት። ተቃውሞን ጠቅሶ ዝም ማለት ግን ካለመጥቀስም ይብሳል።

መልስ 3
«ቀጥሎ እከሊት ስለ ኩረጃ ትነግራችኋለች» የምትሉትን ነገር እባካችሁ ተዉት፣ እንቅልፍ ያመጣል። ጥያቄ ጥላችሁ ውረዱ። «ታዲያ ሳይለንት ቢደረግ አይበቃም?» ብለህ ስትቀመጥ ቀጣዩ መልሱን ይዞ ይነሳል። ስላይዱንም አንድ ሰው ይሥራው።

ጠያቂው
ተባረኩ! ኩረጃን የያዘችው ልጅ ግን «ክፍሌን አልተውም» ብላለች 😅

መልስ 2
ተቃውሞውን የመመለሱን ሥራ ስጧት። እንዲህ ሙጭጭ የምትል ልጅ ለሱ ነው የምትሆነው። የኩረጃው ስላይድ መጨረሻ ላይ ይቀመጥና ሰው ከጠየቀ ታወጣዋለች።