ከአሳማ ወደ ዝንጀሮ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ጥናት፦ ለአዲስ ረዳት ተመራማሪ ምን ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ አዲሷ_ረዳት

ሰላም ወገኖች። አሜሪካ ውስጥ የአሳማ ኩላሊት ለዝንጀሮ የሚተክል የምርምር ቡድን ጋር በረዳትነት ልጀምር ነው። የእንስሳት ሕክምና የተማርኩት ኢትዮጵያ ነው፤ ከብትና በግ እንጂ ዝንጀሮ ይዤ አላውቅም። የተሰጠኝ የሥራ ዝርዝር ደም መቅዳትና ማዘጋጀት፣ ከቀዶ ጥገናው በፊት ክሮስማች (የተቀባዩና የለጋሹ ደም መጣጣሙን የሚያይ ምርመራ) መሥራት፣ በቀዶ ጥገናው ቀን «ሰዓት መያዝና ናሙና መረከብ»፣ ከዚያ የየዕለት ክትትል ይላል።

ሥራው ውስጥ ያላችሁ ሦስት ነገር ንገሩኝ። ከመግባቴ በፊት ለራሴ ጤና ምን ላሟላ? ደምና ክሮስማች ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የቱ ጋ ነው? የቀዶ ጥገናው ቀን ከእኔ የሚጠበቀውስ በትክክል ምንድን ነው?

ሰናይ_ቬት

እንኳን ደስ አለሽ። የጤናውን እኔ ልመልስ።

የቲቢ ምርመራ ሳታሟዪ እንስሳቱ ክፍል አትገቢም። ቲቢ ከሰው ወደ ዝንጀሮ ስለሚተላለፍ አንድ ሠራተኛ ይዞ ቢገባ ግቢው ያሉት ሁሉ ሊያልቁ ይችላሉ። እኛ አገር ቢሲጂ የተከተበ ሰው ደግሞ በቆዳ የሚሠራው ምርመራ ቲቢ ሳይኖርበትም ሊያብጥበት ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው በደም የሚሠራውን፣ ኳንቲፌሮን የሚባለውን ይሥሩልኝ በዪ፤ እሱን ቢሲጂ አያሳስተውም። የቆዳው አንዴ ፖዘቲቭ ከወጣ ራጅና ቀጠሮ እያለ ይጎተታል። የኩፍኝና የቴታነስ ክትባት ማስረጃም ይጠየቃል። የኩፍኙ ካርድ ከጠፋብሽ በደም ምርመራ ማሳየት ይቻላል።

ቀጥሎ የእንስሳት አጠቃቀም ኮሚቴው ባጸደቀው የጥናት ሰነድ ላይ ስምሽ መግባቱን በጽሑፍ አረጋግጪ። ስምሽ ካልገባ መርፌ መያዝ ቀርቶ እንስሳውን መንካት አይፈቀድልሽም። ስም መጨመር ሥልጠናዎቹን ጨርሰሽ ካልሆነ አይሆንም፤ የኦንላይኖቹን ከመጀመርሽ በፊት ጨርሻቸው።

ቢ ቫይረስን በቀልድ አትዪው። ተፈጥሯዊ ተሸካሚው ማካክ የሚባለው ጦጣ ነው፤ የናንተ እንስሳት ዝንጀሮዎች ቢሆኑም ብዙ ተቋም ሁለቱንም ስለሚይዝ ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 አትላንታ ውስጥ አንዲት የ22 ዓመት ረዳት ተመራማሪ ከማካክ የወጣ ፈሳሽ ዓይኗ ውስጥ ተረጭቶባት በዚሁ ቫይረስ ሞታለች። ቁስል አልነበራትም። ከዚያ በኋላ ነው የዓይን መከላከያ ነገር የከረረው። ከተነከስሽ፣ ከተቧጨርሽ ወይም መርፌ ከወጋሽ ሥራውን እዚያው ጣይና ቁስሉን በሳሙና እያሸሽ ቢያንስ 15 ደቂቃ እጠቢ። ዓይን ከሆነ ሳሙና የለም፣ በውኃ ብቻ 15 ደቂቃ። ከዚያ ወዲያው ሪፖርት። ቫላሲክሎቪር የተባለውን ፀረ ቫይረስ መድኃኒት መጀመር አለመጀመር የሐኪሙ ውሳኔ ነው፤ የሚጠቅመው ግን በጊዜ ሲጀመር ነው። «ይህችን ናሙና ልጨርስና» የሚባል ነገር የለም።

በነገራችን ላይ፣ አሳማ መንካት በሃይማኖት የሚከብድሽ ከሆነ ከመፈረምሽ በፊት አንሺው። በኋላ የሥራ ድልድል ለመቀየር አስቸጋሪ ነው።

የሌሊት_ተረኛ

ደሙ ላይ መጀመሪያ ሒሳቡን ሥሪ። 10 ኪሎ የሚመዝን ዝንጀሮ ውስጥ ያለው ደም ወደ 600 ሚሊ ሊትር ነው። በብዙ ቦታ የሚፈቀደው በሁለት ሳምንት ውስጥ የዚህ 10 በመቶ፣ ማለትም 60 ሚሊ ሊትር ነው (የናንተ ሰነድ ሌላ ካለ የሚሠራው እሱ ነው)። በቀን 3 ሚሊ ሊትር ለ14 ቀን ብትቀጂ 42 ይሆናል፤ ደህና ይመስላል። ነገር ግን ከካቴተር (ደም ሥር ውስጥ ከሚቆየው ቀጭን ቱቦ) ስትቀጂ መጀመሪያ የሚደፋ አለ። እሱ በቀን 2 ሚሊ ሊትር ከሆነ 28 ተጨምሮ 70 ይሞላል፤ ገደቡን አለፍሽ ማለት ነው። አዲስ ሰው የሚደፋውን አይቆጥርም። ከዚያ ሄሞግሎቢን ሲወርድ «ኩላሊቱ ነው ወይስ እኛ ነን የጨረስነው?» የሚል ክርክር ይነሳል። የሕፃናት ቱቦ ተጠቀሚ፣ የቀዳሽውንም የደፋሽውንም በየቀኑ እየደመርሽ ከእንስሳው ካርድ ጋር ጻፊ።

የቱቦው ቅደም ተከተል ሰማያዊ (ሲትሬት)፣ ቀይ፣ አረንጓዴ (ሄፓሪን)፣ ሐምራዊ (ኢዲቲኤ) ነው። ሐምራዊ ውስጥ ያለው ኢዲቲኤ ከፖታሲየም ጋር የተሠራ ጨው ስለሆነ ትንሽ ወደ ቀዩ ቢገባ ፖታሲየሙ ከፍ፣ ካልሲየሙ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ኩላሊት በተተከለለት እንስሳ ላይ ፖታሲየም 7 ሲታይ ቤቱ ይተራመሳል። ክሪያቲኒኑ (የኩላሊት ሥራ የሚለካበት) ሳይነሳ ካልሲየሙ በማይታመን ደረጃ ከወረደ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቱቦው ነው። በቀጭን መርፌ በኃይል የተሳበ ደምም ቀይ ሴሉ ይፈነዳና ፖታሲየምና ኤልዲኤች (ሴል ሲጎዳ የሚወጣ ኢንዛይም) አብረው ይነሳሉ። ሴረሙ (ደም ከረጋ በኋላ የሚቀረው ፈሳሽ) ቀላ ካለ ውጤቱ ጎን «ሄሞላይዝድ» (ቀይ ሴሉ የፈነዳ) ብለሽ ጻፊበት፣ ዝም ብለሽ አትላኪው።

ታክሮሊመስ (ሰውነቱ ኩላሊቱን እንዳያጠቃ የሚሰጠው መድኃኒት) የሚለካው ከሙሉ ደም ነው፤ ሐምራዊ ቱቦ፣ ቀጣዩ መጠን ሊሰጥ ሲል። መድኃኒቱ በገባበት የካቴተር መስመር ፈጽሞ አትቅጂ። ፕላስቲኩ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር በውኃ ብታጥቢውም ውጤቱ ከእውነቱ በላይ ይወጣል፣ ሐኪሙም መጠኑን ይቀንሳል፣ ሪጀክሽን (ሰውነቱ ኩላሊቱን ማጥቃት) ይመጣል።

ለሴረም ቀዩን ቱቦ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በክፍሉ ሙቀት አቁሚና በ1500 ጂ (የመሬት ስበት 1500 እጥፍ) 10 ደቂቃ አሽከርክሪ። በትንንሽ ቱቦ፣ ለአንድ ሙከራ የሚበቃ የሚበቃውን ከፋፍለሽ ከዜሮ በታች 80 ላይ አስቀምጪ። አንድ ትልቅ ቱቦ አስቀምጦ እያቀለጡ መልሶ ማቀዝቀዝ አንቲቦዲውን፣ በተለይ አይጂኤም የተባለውን ዓይነት ይጎዳዋል። ቱቦው ላይ የእንስሳው ቁጥር፣ ቀኑ፣ ከቀዶ ጥገናው ስንተኛ ቀን እንደሆነና የናሙናው ዓይነት ይኑር። የቀዶ ጥገናው ዕለት ቀን 0 ነው። ከ1 የሚጀምር ሰው ቡድኑ ውስጥ ካለ ዓመቱን ሙሉ ናሙናው በአንድ ቀን እየተዛነፈ ይሄዳል።

ፍሎው_ሰው

ክሮስማች የተቀባዩን ዝንጀሮ ሴረም በለጋሹ አሳማ ሴሎች ላይ አድርጎ ምን ያህል አንቲቦዲ እንደተጣበቀ ማየት ነው። ዝንጀሮ እንደ ሰው አልፋ ጋል የሚባለውን ስኳር ስለማይሠራ ይህን ስኳር የሚያጠቃ አንቲቦዲ ሁልጊዜ ደሙ ውስጥ አለ፤ የተራ አሳማ ኩላሊት ሲገጠምለት በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ይጠቁራል። ይህን ስኳር የሚያሠራው ጂጂቲኤ1 የተባለው ጂን ሙሉ በሙሉ የጠፋባቸው አሳማዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ከታወቁ ወዲህ ሥራው ሁሉ ከእነሱ ነው የሚነሳው።

አሠራሩ ይሄን ይመስላል። የአሳማውን ደም በእኩል መጠን ፒቢኤስ (ጨዋማ ማቅጠኛ ፈሳሽ) አቅጥኚና 1.077 ጥግግት ባለው ፊኮል (የደም ሴሎችን በክብደት የሚለይ ፈሳሽ) ላይ ቀስ ብለሽ ደርቢ። ፊኮሉ ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ አይሁን፤ በክፍሉ ሙቀት ካልሆነ ሴሎቹ በትክክል አይለዩም። በ400 ጂ 30 ደቂቃ፣ የሴንትሪፊዩጁ ብሬክ ጠፍቶ። ብሬኩን ረስተሽ ከተውሽው መሽከርከሩ ሲቆም ሽፋኑ ይናወጥና መሃል ላይ ያለው ነጭ ቀለበት ይጠፋል፤ የለጋሹ ደም ደግሞ ሁሌ አይገኝም።

ሴረሙን በ56 ዲግሪ 30 ደቂቃ አሙቂው፣ ኮምፕሊመንቱ (አንቲቦዲን አግዞ ሴል የሚገድለው ፕሮቲን) እንዲሞት። ከ60 ካለፈ አይጂጂ የተባለው አንቲቦዲ ይጓጉልና ሴል ላይ ያለ ቦታው ይለጠፋል። ካሞቅሽ በኋላ በ10,000 ጂ 5 ደቂቃ አሽከርክረሽ ከላይ ያለውን ብቻ ውሰጂ። በየቱቦው 500,000 ሴል፣ ከሴረሙ ጋር በ4 ዲግሪ 30 ደቂቃ፣ ሦስት ጊዜ ማጠብ፣ ከዚያ ፀረ አይጂጂና ፀረ አይጂኤም ቀለም በጨለማ 30 ደቂቃ፣ እንደገና አጥቦ ማንበብ። የሞቱ ሴሎች ሁሉን ስለሚስቡ የሞተውን የሚለይ ቀለም አይቅር።

የሚያሳስቱት ሁለት ናቸው። አንደኛው የአሳማ ቢ ሴል የራሱን አንቲቦዲ ላዩ ላይ መሸከሙ ነው፤ ቀለምሽ እሱን ከያዘ ውጤቱ በሐሰት ይነሳል። ሲዲ3 (የቲ ሴል መለያ) ጨምረሽ ቲ ሴሉን ብቻ አንብቢ። ሁለተኛውን አዲስ ሰው አይገምተውም፦ ሌላ ስኳር የሚያሠራው፣ ሲማህ የተባለው ጂን የጠፋበት አሳማ ለሰው ሴረም የተሻለ ሆኖ ሳለ በዝንጀሮ ሴረም ሲሞከር አንቲቦዲው ሊጨምር ይችላል። ዝንጀሮው ያንን ስኳር ራሱ ስለሚሠራ የጂኑ መጥፋት አይጠቅመውም፤ ይልቁን ከሥር ሌላ የሚያጠቃው ነገር ይገለጥለታል። ስለዚህ ሲማህን ጨምሮ ሦስት ጂን የጠፋበት አሳማ አንድ ጂን ብቻ ከጠፋበት የባሰ ቢወጣብሽ ሙከራው ተበላሽቷል ብለሽ አትጣዪው።

በየሙከራው ሴረም የሌለው ቱቦ፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ መሆኑ የታወቀ ሴረም፣ የተራ አሳማ ሴልም አስገቢ። እነዚህ ከሌሉ የወጣው ቁጥር ለማንም አይጠቅምም።

ቀዝቃዛ_ሳጥን

የቀዶ ጥገናው ቀን አንድ ሰዓት ብቻ ምረጪ። የግድግዳው፣ የማደንዘዣው ማሽንና የስልክሽ ሰዓት በደቂቃዎች ይለያያሉ፤ ሁሉንም ከአንዱ ጻፊ። የሚጻፉት፦ ለለጋሹ ሄፓሪን የተሰጠበት፣ ደም ቧንቧው የተያዘበት፣ ቀዝቃዛው ፈሳሽ የጀመረበት፣ ኩላሊቱ የወጣበት፣ ከበረዶ የተነሳበት፣ ደም የተለቀቀበት፣ የመጀመሪያው ሽንት የታየበት። ሐኪሙ «ለቀቅኩ» ሲል ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ሰዓቱን መልሰሽ ተናገሪ፤ ካልሰማሽው ጠይቂ እንጂ አትገምቺ።

ኩላሊቱ ዩደብሊው በተባለው የአካል ማቆያ ፈሳሽ በ4 ዲግሪ ይታጠባል፣ የሚወጣው ጥርት እስኪል። ከዚያ ፈሳሽ ባለበት ንጹሕ ከረጢት፣ ከረጢቱ በሌላ ከረጢት፣ እሱ በደቀቀ በረዶ ሳጥን። በረዶ በቀጥታ ከነካው ላዩ ይቀዘቅዝና ይሞታል። ደረቅ በረዶ አጠገቡ አይድረስ። ዩደብሊው በሊትር ወደ 125 ሚሊሞል ፖታሲየም አለው፤ ደም ከመለቀቁ በፊት በሌላ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ካልታጠበ የትንሽ እንስሳን ልብ ሊያቆም ይችላል። ማጠቢያው ጠረጴዛ ላይ መኖሩን የምታዪው አንቺ ነሽ።

ባዮፕሲው (ከኩላሊቱ የተቆረጠው ናሙና) ሲደርስሽ በሦስት ይከፈላል። አንዱ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ፣ ፈሳሹ ከሥጋው ቢያንስ 10 እጥፍ። ሁለተኛው ኦሲቲ (ናሙና ማቀዝቀዣ ማጣበቂያ) ውስጥ ተደርጎ በፈሳሽ ናይትሮጅን በቀዘቀዘ አይሶፔንቴን በፍጥነት ይቀዘቅዛል፤ አይጂኤም፣ አይጂጂና ሲ4ዲ (የኮምፕሊመንት ቅሪት) የሚታዩት በዚህኛው ነው። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ የበረዶ ቅንጣት ሥጋውን ይበሳሳውና ፓቶሎጂስቱ የሚያነበው ያጣል። ሦስተኛው፣ 1 ሚሊ ሜትር የምታህል ቁራጭ፣ ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ግሉታራልዴሃይድ ውስጥ። ሁለቱን ፈሳሾች በተለያየ ቀለም ክዳን ለዪ፤ ሁለቱም ጥርት ያሉ ናቸው።

ለልብ ግን ይሄ እንዳለ አይሠራም። የሙኒኩ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2018 ዝንጀሮ በአሳማ ልብ እስከ 195 ቀን እንደኖረ ሲያሳውቅ፣ ልቡን በበረዶ ማቆየቱን ትቶ በ8 ዲግሪ ኦክስጅን ያለው ፈሳሽ እያዞረ ነበር። ወደ ልብ ፕሮጀክት ከዞርሽ ማሽኑን መማር ይኖርብሻል።

ሰናይ_ቬት

ከላይ የተረሳ ልጨምር። አሳማው ከማደንዘዣ በፊት ለ12 ሰዓት ሲጾም ጭዱንም አንሱለት፤ ምግብ ሲያጣ መኝታውን ይበላል። ዝንጀሮ ጉንጩ ውስጥ የምግብ ኪስ አለው። ሌሊቱን ቢጾምም የትናንት ኦቾሎኒ እዚያ ሊኖር ስለሚችል ቱቦ ከመግባቱ በፊት ጉንጩን በጣት ማየት ነው። በአፍ የሚሰጥ መድኃኒትም እዚያው ደብቆ ሰው ሲወጣ ይተፋዋል። «ወስዷል» ብለሽ ከመፈረምሽ በፊት ጉንጩን እዪ፣ ወለሉንም።

የለጋሹ አሳማ የሳይቶሜጋሎ ቫይረስ ምርመራ በምን እንደተሠራም ጠይቂ። በአፍንጫ የሚወሰድ ፒሲአር የተደበቀውን ይስታል፤ አንቲቦዲም መታየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2022 ሜሪላንድ ውስጥ ለሰው በተተከለው የአሳማ ልብ ላይ ይሄ ቫይረስ ተገኝቷል። በዝንጀሮም ቢሆን የተተከለው አካል የሚቆይበትን ጊዜ በጣም ያሳጥራል።

አዲሷ_ረዳት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅኩት በላይ ነው። አንድ ቀረችኝ። በክትትሉ ላይ ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው ሴል) ከወረደ ወዲያው እንድናገር ተጽፏል። እውነተኛ መውረድና የናሙና ችግር በምን ይለያሉ?

የሌሊት_ተረኛ

መጀመሪያ ሐምራዊውን ቱቦ ቀና አድርገሽ የረጋ ነገር ፈልጊ፤ በቀጭን የእንጨት ዘንግ ጫፍ ብትነኪው ክር ከተሳበ ናሙናው ረግቷል፣ እንደገና ቅጂ። ካልረጋ ስላይድ ሥሪና ጠርዙን በማይክሮስኮፕ እዪ። ፕላትሌቱ ተጠራቅሞ ከታየ ኢዲቲኤው ነው ያጣበቀው፤ በሰማያዊ ቱቦ ቀድተሽ አስቆጥሪና ሲትሬቱ ስላቀጠነው ውጤቱን በ1.1 አባዢ። ክምችት ከሌለ፣ የተቆራረጡ ቀይ ሴሎች ካሉና ኤልዲኤች አብሮ ከተነሳ ግን የተተከለው ኩላሊት ትንንሽ ቧንቧዎች እየተዘጉ ሊሆን ይችላል። ይሄ ክሪያቲኒን ከመነሳቱ በፊት ሊታይ ስለሚችል እስኪነጋ አይጠበቅም። ስትደውዪ የዛሬውንና የትናንቱን ፕላትሌት፣ ኤልዲኤቹን፣ የሽንቱን መጠን እና ናሙናው ከየትኛው መስመር እንደተቀዳ በእጅሽ ይዘሽ ይሁን፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እነዚህን ነው።