ስቫልባርድ ያለ ቪዛ ይኬዳል የሚባለው እውነት ነው?

ጥያቄ፦ ከሸገር_ወዲያ
ሰላም ለዚህ ቤት። ቲክቶክ ላይ አንድ ወሬ እየተዛመተ ነው። ከኖርዌይ በስተሰሜን፣ በረዶ ውስጥ፣ ስቫልባርድ የሚባል ደሴት አለ። ቪዛ የለም፣ የሥራ ፈቃድ የለም፣ የፈለገ ሄዶ ይኖራል ይላሉ። የደላላ ወሬ ነው ወይስ እውነት? እውነት ከሆነስ ኖርዌይ ምን ነክቷት ነው በሯን በርግዳ የተወችው? የሚያውቅ ካለ እስቲ።

ዋልያ_በበረዶ
ወንድሜ፣ እውነት ነው። ግን ግማሹን ነው የነገሩህ።

የምኖረው ሰሜን ኖርዌይ፣ ትሮምሶ ከተማ ነው። ሎንግየርብየን፣ ማለትም የስቫልባርድ ዋና ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ ሃውስኪፒንግ ሠርቻለሁ። ጠቅላላ ነዋሪው 2,500 ገደማ ነው። አብረውኝ አልጋ ያነጥፉ የነበሩት ታይላንዶችና ፊሊፒኖዎች ናቸው።

በሩ ለምን ክፍት ሆነ ላልከው፣ ነገሩ የከሰል ጉዳይ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ደሴቶቹ ድሮ የማንም አልነበሩም። ዓሣ ነባሪ አዳኙም ቀበሮ አጥማጁም እንደፈለገ ይገባ ይወጣ ነበር። በ1906 ጆን ሎንግየር የሚባል አሜሪካዊ ከሰል ሊያወጣ መጥቶ ከተማውን ቆረቆረ። በ1916 ለኖርዌጂያኖች ሸጦ ሄደ፣ ስሙ ግን እዚያው ቀረ። በ1920 ፓሪስ ላይ ውል ተፈረመ። ባለቤትነቱ ለኖርዌይ ተሰጠ። በምትኩ የፈራሚ አገሮች ዜጎች ሁሉ እኩል እንዲያድኑ፣ እንዲቆፍሩ፣ እንዲነግዱ ተፈቀደ። ግብሩም ለደሴቶቹ ብቻ እንዲውል፣ ቦታው ለጦርነት እንዳይውል ተባለ። ቪዛ የማይጠየቀው በዚህ ነው እንጂ ለእኔና ላንተ ታዝኖ አይደለም። አገራችን ከፈራሚዎቹ ውስጥ የለችም፣ ግን ኖርዌይ በመግቢያ ጉዳይ የፈረመና ያልፈረመ አትለይም።

አሁን ያልነገሩህን ስማ። አውሮፕላኑ የሚነሳው ከኦስሎ ወይም ከትሮምሶ ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሼንገን ቪዛ ያስፈልግሃል፣ ያውም ሁለት ጊዜ የሚያስገባ፣ ምክንያቱም ስትመለስ እንደገና ሼንገን ነው የምትገባው። ቤት በአብዛኛው የአሠሪ ነው፤ ሥራው ከሄደ ቤቱም አብሮ ይሄዳል። ራሱን መቻል ያቃተውን አገረ ገዢው ያስወጣዋል። ነፍሰ ጡር ሴት እንኳ ቀኗ ሲቃረብ ወደ ዋናው ኖርዌይ ትላካለች። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ እዚያ አሥር ዓመት ብትኖር ለኖርዌይ የመኖሪያ ፈቃድ አለመቆጠሩ ነው።

ሆቴል በር ላይ ጫማ ይወለቃል። ማዕድን ሠራተኞቹ የከሰል አቧራ ይዘው እንዳይገቡ የተጀመረ ልማድ ነው። ሀብታም ቱሪስት በካልሲ ሲንሸራተት ሳይ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን የገባሁ መስሎኝ ነበር። ሱቅ በር ላይ ደግሞ ጠመንጃ ይዞ መግባት ክልክል ነው የሚል ምልክት አለ። ከከተማ የሚወጣ ሰው ለድብ ሲል መሣሪያ ይይዛላ።

ጨለማውን አታንሳብኝ። ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ቀን የሚባል ነገር የለም።

አያ_ጠይቅ
እሺ፣ ራሺያስ እዚያ ምን ትሠራለች? ኔቶ አገር ውስጥ?

ዋልያ_በበረዶ
በዚያው ውል ነው የገባችው። ሶቪየቶች ባሬንትስበርግ የሚባለውን የከሰል መንደር በ1932 ከሆላንዶች ገዙ። በ1935 ውሉን ተቀበሉ። እስከ ዛሬ አርክቲኩጎል የሚባለው የመንግሥት ኩባንያ ይቆፍራል። ከቆፋሪዎቹ ብዙዎቹ የዩክሬን ዶንባስ ሰዎች ናቸው፤ እንግዲህ በጦርነቱ ጊዜ ስሜቱን አስበው። ሌላው መንደራቸው ፒራሚደን በ1998 ተዘግቶ ባዶ ሕንፃ ቆሞ ቀርቷል። በ2022 ኖርዌይ በማዕቀቡ ምክንያት ለባሬንትስበርግ የሚሄደውን ጭነት ድንበር ላይ ስታግድ ሞስኮ ውሉ ተጣሰ ብላ ጮኸች። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ተስማምተው አለፈ።

ከሰሉ ግን አልቆለታል። የኖርዌይ የመጨረሻው የከሰል ማውጫ፣ ሰባት ቁጥር የሚባለው፣ በ2025 ተዘጋ። በከሰል የሚሠራው የመብራት ኃይል ማመንጫማ ከዚያ በፊት በ2023 ቆሟል፣ አሁን በናፍጣ ነው።

የዛሬው ጠብ ከባሕሩ በታች ነው። በ2017 አንድ የላትቪያ መርከብ ያለ ኖርዌይ ፈቃድ ሸርጣን ሲያጠምድ ተያዘ። ውሉ ለፈራሚ ሁሉ ይፈቅዳል ብለው ተከራከሩ። በ2023 የኖርዌይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሉ ወደ ባሕሩ ወለል አይዘልቅም ብሎ ፈረደ። ለሸርጣን ይሄ ሁሉ ክርክር ምንድነው እንዳትል። ሸርጣኑ ለሁሉም ነው ከተባለ ነገ ነዳጁም ማዕድኑም ለሁሉም ሊሆን ነው። በእኔ እይታ ኖርዌይ ዘንድሮ ጥርሷን ነክሳ ይዛዋለች። በ2024 የመጨረሻው የግል መሬት በ300 ሚሊዮን ዩሮ ለገበያ ሲቀርብ ያለ መንግሥት ፈቃድ አይሸጥም ብላ አስቆመች።

የእህል_ልጅ
ለጨዋታ ያህል፣ ከአዲስ አበባ ያለ ቪዛ የገባ አለ። የመኖ ሣር ዘር! እዚያ ተራራ ውስጥ በ2008 የተከፈተ የዓለም የዘር መጋዘን አለ። አዲስ አበባ ያለው የእንስሳት ምርምር ተቋም መጠባበቂያ ዘሩን እዚያ አስቀምጧል። ሶሪያ ውስጥ አሌፖ አጠገብ የነበረው የዘር ባንክ በጦርነቱ ሲቸገር በ2015 ያስቀመጠውን ከዚያ አውጥቶ እንደገና ዘርቷል።

ከሸገር_ወዲያ
ዋልያ፣ ኑሪልኝ። አንድ ነገር ብቻ፦ ሼንገኑ ቢገኝስ፣ ሥራ እዚያ ሄጄ ልፈልግ?

ዋልያ_በበረዶ
አይ፣ በፍጹም። መጀመሪያ ሥራና ቤት በወረቀት ያዝ፣ ከዚያ ትኬት። ቀብድ የሚጠይቅህ ሰው ካለ ስልኩን ዝጋበት፤ ለማይጠየቅ ፈቃድ ምን ብሎ ነው ገንዘብ የሚቀበልህ?