የግብር እፎይታ የተሰጠው ፋብሪካ ሥራችንን ይዞ ሊሄድ ነው፤ እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራበት ትልቅ ፋብሪካ ሥራውን ወደ ሌላ አገር ሊያዛውር ነው። ብዙ ሰው እቀጥራለሁ ብሎ ለዓመታት የግብር እፎይታ ሲያገኝ ነበር። ያ ገንዘብ እኮ ስንት ትምህርት ቤት ይሠራ ነበር!

አሁን ማሽኔ ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል። የሚጫንበት ሣጥን ቁጥር ተጽፎበታል። ቀኑን ሙሉ እሱን እያየሁ ነው የምሠራው። በዚያ ላይ የሚተኩኝን ሰዎች በቪዲዮ አሠልጥን ተብያለሁ። እነሱ ምንም አላጠፉም፤ ግን በጣም ያማል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ኖኪያ የጀርመኑን የቦኹም ፋብሪካ ዘግቶ ምርቱን ወደ ሩማንያ ሲያዛውር፣ የክልሉ መንግሥት የሰጠውን ድጎማ መልስ ብሎት ነበር። ስለዚህ መንገድ አለ ማለት ነው።

የኛ አስተዳደር ግን የግብር እፎይታው የተሰጠበትን ውል አላሳየንም። ፋብሪካው ስንት ሰው፣ እስከ መቼ መቅጠር እንዳለበት የሚያስገድድ አንቀጽ ካለ በምን ላግኘው? በማኅበር ነው ወይስ በግል የሚጠየቀው? ደግሞ የስንብት ክፍያ ወረቀት ፈርሙ እያሉን ነው። ከፈረምኩ የመክሰስ መብቴን አጣለሁ? የሰጡን ጊዜ እስከ ዓርብ ብቻ ነው። የደረሰበት ሰው ካለ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።